ለአባት የሚፈቀድ ቀን

ቄስ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ሁሉ ያለ እሱ ስለማይገባ ነው።

ላሊበላ ውስጥ ጥምጣም ጠምጥሞ የኮምፒዩተር ቦርሳ በትከሻው የሚያንጠለጥል ካህን ከእኔ ሌላ አላየሁም። የባጃጅ ሹፌሮቹ በኮምፒዩተሩ የምሠራውን ካወቁ ወዲህ ሰላም ሰጥተውኝ አያውቁም። «አባ፣ ዛሬ ደግሞ የየት አገር አባት ተራ ነው?» ይሉኛል። አንዱማ መስቀል ተሳልሞ ሲያበቃ «ስዊድን ስንት ሰጠች?» ብሎኝ ያውቃል። አንዳንድ ቀን አብሬያቸው እስቃለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ኮስተር ብዬ አልፋለሁ፤ ጠባዬ ብዙም ለቀልድ የሚመች አይደለም።

ሥራው እንዲህ ነው። ከቤተ ክህነት ትምህርት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሕግ ተምሬያለሁ። ተመርቄ ስመለስ የሚጠብቀኝ ሥራ አልነበረም፤ አባቴ ባገለገሉበት ደብር ክህነት ተቀብዬ አገር ቤት ቀረሁ። አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ውጭ አገር ካሉ አጥኚዎች ጋር አገናኘኝ። አጥኚዎቹ የየአገሩን ሕግ እያነበቡ፣ ሚስቱ ስትወልድ አባት ደመወዙ ሳይቋረጥ ስንት ቀን እቤቱ እንዲቀመጥ እንደሚፈቀድለት ይለካሉ። ለእኔ የደረሰኝ የአፍሪካና የጥቂት የእስያ አገሮች ናቸው። ሕጉን አገኛለሁ፣ አንቀጹን አነባለሁ፣ ቀኑን፣ ከፋዩንና የክፍያውን መጠን ሠንጠረዥ ላይ እሞላለሁ።

ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንዱ አገር የሥራ ቀን ብቻ ይቆጥራል፤ ሌላው እሑድንም በዓሉንም አብሮ ይቆጥራል። አንዱ ሙሉ ደመወዝ ይሰጣል፤ አንዱ ግማሹን። በግማሽ ደመወዝ የተሰጠው ቀን ከሙሉው ጋር እንዲነጻጸር በግማሽ ይቀነሳል፤ የጥናቱ ደንብ እንዲያ ነው። አንዳንዱ አገር ደግሞ ለአባት ብሎ የሰጠው የለም፤ «ለቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ጥቂት ቀን ጣል ያደርግና፣ ሰውየው ከፈለገ ይቅበርበት ከፈለገ ይውለድበት። እኔ ባሕረ ሐሳብ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ በዓሉ መቼ እንደሚውል አውጥቼ አስልቼ አድጌያለሁ። ቀን መቁጠር አያስፈራኝም። እንዲያውም ወድጄው ነበር።

ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ባዶውን የሚውል አንድ ሆቴል አለ። ዘበኛው የንስሐ ልጄ ስለሆኑ ኢንተርኔቱ በሚደርስበት ጥግ ያስቀምጡኛል። ኢንተርኔቱ ሲኖር ማለቴ ነው። በማይኖርበት ጊዜ የሆቴሉን ግድግዳ ሳይ የዋልኩበት ቀን ብዙ ነው።

የራሳችን አገር ተራ ሲደርስ ቶሎ ጨረስኩት። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ለአባት ሦስት ተከታታይ ቀን፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። ያን ቀን ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሆዷ ገፍቶ ነበር። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ ተማሪዎቿን የምታስቅ፣ ራሷም በትንሽ ነገር የምትስቅ ሴት ናት።

«ሦስት ቀን?» አለች። «ለገንፎው እንኳ አይበቃም እኮ! ለቄስስ ስንት ነው?»

«ቄስ ሕጉ ውስጥ የለም።»

«እሱስ እቤቱም የለም» ብላ እስክትንፈራፈር ሳቀች። እኔ ተቀይሜ ነበር፤ እውነቷን ስለነበረ።

እውነቷን ነበር የምልበት ምክንያት ይህ ነው። በእኛ አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። የቄስ ሚስት ስትሆን ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመርበታል። አራስ ቤት የገባ ካህን ቤቱ ጸበል እስኪረጭ መቅደስ አይገባም። ደም የነካ ከሆነማ፣ በእኛ ደብር ልማድ፣ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ከአገልግሎት ይቆማል፤ ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ። ሌላ ቦታ እንዲህ አያጠብቁትም ይባላል። እኛ ጋ ይጠብቃል። ስለዚህ የቄስ ሚስት ወደ እናቷ የምትሄደው ለራሷ ብቻ አይደለም፤ ለባሏ አገልግሎትም ነው። ሁሉም ሰው ይህን እንደ ደግነት ነው የሚያየው። እኔም እንደዚያው አየው ነበር።

የባለቤቴ እናት ቤት ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ ገደል አፍ ላይ በተቀመጠ መንደር ነው። ባጃጅ ከታች ያደርስና ይመለሳል፤ ከዚያ በእግር ነው። ባላቸው ካረፉ ቆይቷል። ጎረቤቱ ሁሉ የካህናት ቤተሰብ ነው፤ ከአንዱ ቤት ቄስ፣ ከአንዱ ዲያቆን፣ ከአንዱ መሪጌታ የማይወጣበት የለም። ባለቤቴ ወደዚያ የወጣችው በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። ገና እየቀረበ ነበር፤ እንግዳው ከየአገሩ በእግሩ ተነሥቷል፤ ደብሩ ውስጥ ሁሉም ሰው ይራወጣል። የእኔም ሰሞን የሚውለው በገና ነበር። ሰሞነኛ ማለት የሳምንቱ ባለ ተራ ካህን ማለት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አይወጣም፤ እዚያው ያድራል። ላሊበላ ለሚያገለግል ቄስ ተራው በገና ላይ መዋሉ ትልቅ ጸጋ ነው። ከዓመት በፊት ጀምሬ እጠብቀው ነበር።

ምጧ ሲጀምራት ስልክ ደወሉልኝና ወጣሁ። ስደርስ ቀትር አልፏል። ግቢው በወንድ ተሞልቷል፤ በእኛ ደንብ ወንዱ ደጅ ተቀምጦ ይጸልያል፤ ሴቶቹ ውስጥ ሆነው «ማርያም ማርያም» ይላሉ። እኔም ከወንዶቹ መሐል ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ሳይቆይ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። እልልታው ወጣ፤ ቁጥሩን ስሰማ ሴት መሆኗን አወቅኩ። ሽማግሌዎቹ «እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ፤ ጥምጣሜን አስተካክዬ «አብሮ ደስ ይበለን» አልኩ።

ከዚያ የውስጡ የደስታ ጫጫታ ቆመ። ተቋረጠ ማለት ይሻላል። አማቴ በሩ ላይ ብቅ ሲሉ እጃቸው እስከ ክርናቸው ቀልቶ ነበር።

«ደሙ አልቆም አለ» አሉ። «ኧረ ሰዎች፣ ቃሬዛ! ቃሬዛ አምጡ!»

ቃሬዛው ወዲያው መጣ። ሰዎቹ በሩ ላይ አስቀመጡትና ቆሙ። ያን አቋቋማቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ውስጥ ያሉት አሮጊቶች ሊያነሷት አቅም የላቸውም፤ እነዚህ ጉልበት ያላቸው ወንዶች ናቸው፤ እኔን ከእነ ወንበሬ የሚያነሡ። ግን ሁሉም ካህናት ናቸው፤ ገና ደግሞ ደርሷል። አንዱ ደፉን ቢያልፍ ተራው ይቀራል፤ ማኅሌቱ ይቀራል፤ የደብሩ አገልጋይ በሙሉ ይጎድላል። ማንም ክፉ አልነበረም። እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከዚያ ምእመን የሆነ ወንድ የሚፈልግ ሰው ወደ ታችኛው መንደር ሮጠ። ያዋለደቻት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ የሚሠራበት ቦታ ፍለጋ ወጥታ፣ ለአምቡላንስ ስትጮህ ከላይ ይሰማል።

ተነሣሁ። አማቴ ሲያዩኝ ሁለት እጃቸውን በበሩ ላይ ዘረጉ።

«አባ፣ አይግቡ!» አሉኝ። «በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ እግርዎን ይመልሱ። ገናን ያስቡ! እሷም ይህን አትወድልዎም።»

«እማማ፣ ይልቀቁኝ።»

«ደም ነው ያለው፣ አባ።»

ገፋኋቸው። አማቴን፣ ከእናቴ ለይቼ የማላያቸውን ሴት፣ በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ። ባለቤቴ መደቡ ላይ ፊቷ ነጭ ሆኖ ዓይኗ ተከፍቶ ተኝታለች። «ምን ልታደርግ መጣህ?» አለችኝ። በሁለት እጄ አንሥቼ አወጣኋት። ቀሚሴ ከደረቴ እስከ ጉልበቴ ራሰ። ደጅ ላይ ቃሬዛው ላይ ሳስተኛትና በጋቢ ስትጠቀለል፣ እነዚያ ሰዎች ቃሬዛውን ከእጄ ነጥቀው ቁልቁለቱን በሩጫ ወረዱት። እየተቀባበሉ፣ ውዳሴ ማርያም እየደገሙ፣ አንድም ጊዜ መሬት ሳያስነኳት አምቡላንሱ እስከሚደርስበት አደረሷት። ከእነሱ ጋር ልጣላ የምችልበት ምክንያት የለኝም። ያን ያህል ግን ተናድጄባቸው አላውቅም።

ሆስፒታል ውስጥ ደሙ ቆመ። ደም ሰጧት፤ ዳነች። የደብሩ አለቃችን በማግሥቱ መጡ። ዳዊት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እስከ ዛሬ እንደ ልጅ ነው የሚያዩኝ። የሆስፒታሉ ግቢ በር ላይ ቆመው አስጠሩኝ።

«ገብተሃል አሉኝ።»

«ገብቻለሁ፣ አባቴ።»

«ነክተሃል?»

«ነክቻለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በወደድኩ። «የተወለደችው ሴት ናት አይደል? እንግዲህ ሰማንያዋ ሲሞላ እንገናኛለን። እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ሄዱ። የሆስፒታሉን ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ለሚስቴ ይሁን ለገና፣ ወይስ ለሁለቱም፣ እኔም አልለየሁትም።

ወደ አማቴ ቤት ተመልሰን ወጣን። ነገሩ በዚህ አብቅቶ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ባለቤቴ ዝም አለች። በመጀመሪያ ደም ስላነሳት ነው አልን። ጠያቂ መጥቶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲላት ዓይኗን እንኳ አታዞርም። ገንፎው ቀርቦ ይደርቃል። ልጅቷ ስታለቅስ ሰምታ እንዳልሰማች ወደ ግድግዳ ትዞራለች፤ ጡቷን አማቴ አውጥተው ሕፃኗ አፍ ውስጥ ሲከቱላት ትተዋቸዋለች እንጂ በእጇ አትደግፍም። አንዳንዷ ብርድ መታት አለች፤ አንዳንዷ ዓይን ነው አለች። አማቴ ጸበል አስመጡ፤ ከራስጌዋ ብረት አደረጉ። እኔ ዳዊት እደግምላታለሁ። ሳቋ ትዝ ሲለኝ መጽሐፉን አጥፌ ደጅ እወጣለሁ።

አንድ ጠዋት ጉም ወርዶ ነበር። አማቴ ውቂያ ላይ ናቸው፤ እኔ ውኃ ልቀዳ ወረድኩ። ስመለስ መደቡ ባዶ ነው፤ ልጅቷም የለችም። ጀሪካኑን ጣልኩት። ከቤቱ ጀርባ፣ መሬቱ በሚያልቅበት፣ ሕፃኗን በነጠላ ታቅፋ ቆማለች። ከእግሯ ፊት ጉም ብቻ ነው። መጮህ ፈራሁ። በስሟ ቀስ ብዬ ጠራኋት።

«እዚህ ስቆም ራሴ ዝም ይላል» አለችኝ ሳትዞር።

«እሺ። አሁን ወደኔ ነይ።»

«ውሰዳት» አለችኝ። «ውሰዳት፣ እጄን አላምነውም።»

ወሰድኳት። በሌላ እጄ እሷን በክንዷ ይዤ ቤት አስገባሁና በሩን ዘግቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ ሁለቱን ይዤ ሆስፒታል ወረድኩ፤ ነርሷ ሰምታኝ አልደነገጠችም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሕመም ነው፤ ስም አለው፤ ይድናል አለችኝ። ኪኒን ሰጡን። ለዚህ የሚሆነው ሐኪም ደሴ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል። ነርሷ ደጋግማ የነገረችኝ አንድ ነገር ነው፦ ብቻዋን እንዳትሆን። ከልጅቷ ጋርም፣ ያለ ልጅቷም፣ ብቻዋን እንዳትሆን። «ደግሞ ባለቤትዎን ከእርስዎ ሌላ ሰው ሲይዛት አየዋለሁ፣ ሰውነቷ ይደርቃል። እርስዎ ይሁኑ» አለችኝ።

እኔ ሆንኩ። አንዴ ገብቻለሁ፤ መቅደስ አልገባም፤ እንግዲህ አራስ ቤት ብኖር የሚጨምርብኝ የለም። ሕፃን ማጠብ ተማርኩ። አጥሚት ማማሰል ተማርኩ። የመንደሩ ሴቶች ጥምጣሜን አድርጌ ምድጃ ሥር ሲያዩኝ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። «ኧረ አባ፣ እሳቱን ይቀንሱት፣ ያርርብዎታል!» ይሉኛል። ያርርብኝም ነበር። አንዲት አሮጊት ግን «ቄስ ሆኖ እንደ ሞግዚት!» ብላ በር ላይ አማተበች፤ እሷን ጠላኋት። ባለቤቴ እኔ ስበላ አብራኝ ትቀምሳለች። ልጅቷን ክንዴ ላይ አድርጌ ከጎኗ ስተኛ፣ አንዳንዴ ጣቷን ዘርግታ የልጅቷን እግር ትነካና መልሳ ትሰበስባለች። እሱን ሳይ ሙሉ ቀን እጠግብ ነበር።

ገና መጣ። ከላይ ሲያዩት ከተማው በምእመኑ ነጠላ ነጭ ብቻ ነው። ነፋሱ ሲመልስ ከበሮው ይሰማል፤ ቤዛ ኩሉ ሲባል ከአፋፉ ላይ የቆሙትን ካህናት ባላያቸውም እያንዳንዱን በየቦታው አውቀዋለሁ፤ የእኔ ቦታ ላይ የቆመውንም። ልጅቷን አቅፌ ደጃፉ ላይ ቆሜ በለሆሳስ ዘመርኩ። ባለቤቴ ከውስጥ «ሂድ» አለችኝ። «ሂድ፣ እዚያ መሆን ትፈልጋለህ።» እፈልግ ነበር። አልሄድም አልኳት።

ሠንጠረዡን የጨረስኩት በዚያ ቤት ነው። ሕጎቹን አስቀድሜ አውርጄ ስለነበር፣ ሁለቱ ሲተኙ ቁጭ ብዬ እሞላለሁ፤ ወደ ከተማ የሚወርድ ሰው ሲገኝ ፍላሹን ይዞልኝ ይወርዳል። ጃፓን ላይ ስደርስ አንቀጹን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለአባት በብዙ ወራት የሚቆጠር፣ ክፍያ ያለው ፈቃድ። ከሕጉ ጋር የተያያዘው ማብራሪያ ግን ብዙ ወንዶች ለረጅም ጊዜ የዘለቁት አለቃቸውንና የሥራ ባልደረባቸውን እየፈሩ ሳይወስዱት ነው ይላል። እነሱም አለቃ አላቸው ማለት ነው አልኩ በልቤ። ግቢው ውስጥ ቃሬዛውን ከበው ቆመው የነበሩት ሰዎች ትዝ አሉኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ አዘንኩላቸው።

ወደ ከተማ አንድ ቀን ወርጄ፣ ባለቤቴን ለእናቷ አደራ ሰጥቼ፣ ጥናቱን ለምትመራው ሴት ጥያቄ ላክሁ። በሕጉ ረጅም ሆኖ ማንም የማይወስደውን እንዴት እንጻፈው? በሕጉ የሌለ፣ ነገር ግን ልማዱ አባቱን ከሥራው አግዶ ለወራት እቤት የሚያስቀምጠውን፣ የሚከፍለውም የሌለውንስ? ቶሎ መለሰችልኝ፤ ደግ ሴት ናት። የምንለካው ሕጉ ላይ የተጻፈውንና የተከፈለበትን ብቻ ነው አለችኝ። ለመጀመሪያው ሕጉን ጻፍ፤ ለሁለተኛው ዜሮ።

ትክክል ናት። ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ መለኪያ አንድ ካልሆነ መለኪያ አይደለም። ግን ያን ዜሮ ሳየው እጄ ወደ ላፕቶፑ ሄዶ ክዳኑን ደፋው፤ ዘበኛው ደንግጠው «ምነው አባ፣ ተበላሸ እንዴ?» አሉኝ። ሽቅብ ስመለስ በየመታጠፊያው ቀና እያልኩ የቤቱን ጀርባ አይ ነበር።

ቀኑ ገፋ። ባለቤቴ ከመደቡ ወርዳ ጸሐይ መሞቅ ጀመረች። አንድ ቀን ልጅቷ ስታዛጋ አይታ ፈገግ አለች። ሌላ ቀን ራሷ አጠባቻት፤ ግን ከጎኗ ተቀምጬ ነው፤ ልነሣ ስል ቀሚሴን ትይዛለች። ዳነች አላልኩም። እየዳነች ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ ሰማንያው ሲሞላ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል ብዬ። እንደማንኛውም ሰው የማለቂያውን ቀን እየጠበቅኩ ነበር።

ክርስትናው ጾም ላይ ዋለ። ጠዋት ልጅቷ ተጠመቀች፤ ማዕተብ ታሠረላት፤ እናትና ልጅ በቅዳሴው ላይ ቆረቡ። ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣን አማቴ ቤት ተሰበሰብን፤ ሽሮ፣ ክክ፣ ተልባ፣ ትንሽ ጠላ። ወንዶቹ ሁሉ በያዙት ቃሬዛ ምክንያት ዘመድ ሆነውኛል፤ ይጨዋወታሉ። አለቃችን ማዕዱን ባረኩና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ይኸው ነጻህ» አሉኝ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ። «ጾም ነው፤ ሰው አንሶናል። ሰሞኑ የአንተ ነው፤ ነገ ማታ ትገባለህ። ቦታህን በገና በአንተ ፋንታ ለቆመው ቄስ ይስጡ የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ እኔ ነኝ ያቆየሁልህ። ከእንግዲህ ግን አልችልም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባቴ» አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። የመቅደሱ ሽታ ከሩቅ መጣብኝ።

ቀና ስል ባለቤቴ ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ሰምታለች። ልጅቷን እንደታቀፈች ወደ ውስጥ ተመለሰች፤ ተከትያት ገባሁ። መደቡ ላይ ተቀምጣ የልጅቷን ነጭ ልብስ በቀስታ ታወልቃለች።

«ሳምንት ብቻ ነው» አልኳት። «እናትሽ አሉ። እየተሻለሽ ነው እኮ።»

«ለአሸተን ማርያም ተስዬ ነበር» አለች።

«ለጤናሽ?»

«ሰማንያው እንዳይሞላ። ጧፍ አስገባለሁ ብዬ። በየቀኑ እለምናት ነበር፤ አንተ ስትተኛ።» እንባዋ በልጅቷ ራስ ላይ ይወርዳል። «ልጄ እንዳትጠመቅ የተሳልኩ ሴት ነኝ። ለንስሐ አባቴ ምን ብዬ ነው የምናገረው?»

እኔ እንደ መጨረሻ ስጠብቀው የቆየሁትን ቀን፣ እሷ እዚያው መደብ ላይ፣ ከጎኔ፣ ስትፈራው ኖራለች። ወደ ደጅ ወጣሁ። ወንዶቹ እየሳቁ ነበር። አለቃችን ፊት ቆምኩና ራሴን ዝቅ አደረግኩ።

«አባቴ፣ ነገ አልገባም።»

«ለምን?»

«ገና አልነጻሁም።»

ሳቁ ቆመ። ካህን ይህን በሰው ፊት አይናገርም፤ ከተናገረ ሁሉም የየራሱን ኃጢአት ይሞላበታል። አንዱ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ፤ አማቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አለቃችን ቀና ብለው አዩኝ። ዳዊት ስሳሳት እንዴት እንደሚያዩኝ አውቃለሁ፤ እንደዚያ አልነበረም።

«ምን አድርገህ ነው?»

«እሱን አልነግርዎትም።»

«ቦታህ ይሄዳል፣ ልጄ።»

«ይሂድ» አልኩ። ተጨማሪ ቃል ቢጠይቁኝ አለቅስ ነበር። ደግነታቸው ነው፣ አልጠየቁኝም።

ገባሁ። ባለቤቴ ሁሉንም ሰምታ ቆማ ትጠብቀኛለች። ልጅቷን ዘረጋችልኝና ተቀበልኳት።

«እስከ መቼ?» አለችኝ።

«እስክትድኚ።»

እንደ ቄስ፣ አጽንቼ ልናገረው ፈልጌ ነበር። አልሆነልኝም።

«ባልድንስ?»

በሩን ዘጋሁትና ከጎኗ ተቀመጥኩ።